ከአሥር የሚጀምር ሜትር

የሻይ ትሪው በግራ በኩል ለተቀመጠው ቀለም ቀቢ ደረሰው፣ ሚሊን ዘለለው፣ በቀኝ በኩል ለተቀመጡት ጎረቤት ደረሳቸው። ፌርማታውን እንደ ረሳ አውቶቡስ ሽው ብሎ ነው ያለፈው። ትሪውን የያዘችው ሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ ጉሮሮውን ጠራርጎ ያስታውሳት ነበር። የያዘችው ግን ራሷ የሟች ሚስት ናት፤ ያለፈችውም አይታው ነው።

ልቅሶ ቤት ሻይ መከልከልን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ካለ፣ ልቅሶ ደርሶ የማያውቅ ሰው ነው። ሞት የተፈረደበት እንኳ ይግባኝ አለው። ሚሊ ይግባኝ የሚልበት ቦታ አልነበረውም። አንገቱን ደፍቶ የሲሚንቶውን ወለል ማየት ያዘ፤ ወለሉ ወደ በሩ በኩል ትንሽ ማዝመሙንም ወዲያው አየ። ልማድ ነው። ይህ ሰው ቤት ሲቃጠል ቢደርስ እንኳ፣ ውሃ ከመድፋቱ በፊት መስኮቱ ቀጥ ማለቱን ነው የሚያረጋግጠው።

«ግማሽ ላጠጣህ?» አለው ቀለም ቀቢው በሹክሹክታ። ሥራ ቦታ ቫርኒሽ ነው የሚሉት፤ ላዩ የሚያብረቀርቅ፣ ምላሱ የማይደርቅ ሰው ነው።

«ተወኝ።»

«ስኳሩ በዝቷል። ብዙም አልቀረብህ።»

«ተወኝ አልኩህ፣ አንተ ሰውዬ።»

«ሰው እያየህ ነው እኮ። ቢያንስ ባዶ ብርጭቆ ያዝ።»

ቫርኒሽ የራሱን ጨለጠና ባዶውን አስያዘው። ሚሊም የጠጣ መስሎ ተቀመጠ።

ደክሞት ነበር። ተራ ድካም አይምሰላችሁ፤ አንድ መርከብ ሙሉ ሲሚንቶ ብቻውን ያራገፈ ሰው እንኳ እንዲህ አይዝልም። አናጢን መቆም አይጎዳውም፣ መሸከም አይጎዳውም፤ ቁጭ ብሎ መዋል ነው የሚፈጀው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ጠዋት ይመጣል፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ሲመሻሽ ይሄዳል። መምጣቱን ቢተው «አመነ» ይሉታል፤ ሲመጣ ደግሞ «አያፍርም» ይሉታል። የፈለጉትን ይበሉ፣ ለወዳጄ ነው የመጣሁት ብሎ ይመጣል።

ቤቱ ኮርኒስ የለውም። ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጣሪያ ሥር አንገቱን ቀልብሶ ኮርኒስ ሲሰቅል የኖረ፣ በዚህ ሙያ ከእሱ በፊት ያልተፈጠረ ከእሱም በኋላ የማይፈጠር ሰው ሆኖ ሳለ፣ የራሱን ቤት ቆርቆሮውና ማገሩ እንዳገጠጠ ትቶት ሄደ። ለቀስተኛው ግማሹ የእንጨት ሥራ ሰው ነውና፣ ይገባል፣ «ያጥናችሁ» ይላል፣ ቁጭ ከማለቱ ቀና ይላል። ከዚያ በዓይኑ ይለካል፤ ይህን ያህል ቺፑድ፣ ይህን ያህል ሞራሌ፣ የአንድ ሳምንት ሥራ ብሎ ይደምርና በረጅሙ ይተነፍሳል። እውነተኛ ሐዘን ይመስላል። ሐዘንም ነው።

ስሙም ኮርኒስ ነበር። መጠሪያ ስሙን የሚያውቁት እናቱ፣ ሚስቱና የሚያሠራው ኤጀንሲ ገንዘብ ከፋይ ብቻ ናቸው። አጭር ነበር፤ ፎቶ ሲነሳ ቆሞም ተቀምጦም እኩል የሚወጣ ዓይነት አጭር። ከፍታን ያገኘው በሥራው ነው። ቀኑን ሙሉ የእንጨት መወጣጫው፣ ፖንቴው ላይ ወጥቶ የባለ ሀብቱንም የመሐንዲሱንም አናት ሲያይ ይውልና፣ ማታ መሰላሉን ሲወርድ ፊቱ ላይ ከሹመቱ የተሻረ ሰው ቅሬታ ይታይ ነበር።

ሚሊን ሚሊ ያለው እሱ ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ክፍተት ካየ ምሳ የማይወርድለት ሰው ስለሆነ። ሚሊ የሰቀለውን በር ትንኝ እንኳ ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው ይባላል፤ ያሉት ደግሞ የሚቀኑበት ናቸው።

እንግዲህ ይህ ሰው የሠራው የሬሳ ሣጥን መቃብር አልገባም አለ።

ረዘመ። በአንድ ጣት፣ በሁለት ጣት ቢሆን ማን ያየዋል፤ በመዳፍ ሙሉ ነው የረዘመው። ቆፋሪዎቹ የሟቹን ቁመት ከቤተሰብ ጠይቀው በልኩ ቆፍረዋል። ሣጥኑ በገመድ ሲወርድ በራስጌ በኩል አፈሩ ላይ ተቀመጠ፣ በግርጌ በኩል ተንጠለጠለ። አዘንብለው ሊያስገቡት ሲሞክሩ፣ ውስጡ ያለው ሲንሸራተት ገመድ የያዙት አራቱም ሰሙ። መልሰው አወጡት። ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ ፀሐይ ላይ ቆሞ የአካፋ ድምፅ ሲያዳምጥ ቆየ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው ያጉረመርማል፤ እዚያ ግን ዛፉም ወፉም ዝም ብሎ ነበር። ሚስትየው አላለቀሰችም። ሣጥኑን አየችው፤ ቀጥላ ሚሊን አየችው።

ለምን እንዳየችው ሚሊ ገብቶታል። ባሏ በሞተበት ጠዋት፣ ልቅሶው ገና ሳይሰበሰብ፣ ክንዱን ይዛ ጓዳ አስገብታው ነበር። ኤጀንሲው ለሚሞትበት ሠራተኛ የሬሳ ሣጥን ይሰጣል። መጋዘን ውስጥ ጥቁር ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል፤ ለረጅሙም ለአጭሩም፣ ለሞላውም ለከሳውም አንድ ልክ።

«በእነሱ ሣጥን እንዳይሄድብኝ» አለችው። «ሲኖር በሰው ልክ ኖረ። አሁን እንኳ በራሱ ልክ ይሁንለት።»

«በእጄ እሠራለታለሁ» አላት። «የሌላ ሰው መዶሻ አይነካውም።»

ደግሞም አላስነካም። ዕለቱ የዕረፍት ቀን ነበር፤ ሥራ ቦታው ጭር ብሏል። ቫርኒሽ እኔም ልምጣ ቢለው ከለከለው፣ በሩን ከውስጥ ዘጋ፣ ሠራ፣ ጥቁር ጨርቅ አለበሰ። ስለዚህ ሲሠራ ያየው የለም። ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ሣጥን ደግሞ ከጥቁር ጨርቅ ሣጥን አይለይም። ረጅም ሆኖ ሲገኝ ሴትዮዋ ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች?

«ሰዉ ምን እንደሚል ታውቃለህ?» አለው ቫርኒሽ፣ ባዶውን ብርጭቆ መልሶ እየተቀበለ።

«አላውቅም። አትንገረኝም።»

«ከመጋዘን ጎትቶ አመጣውና ሠራሁ አለ ነው የሚሉት። እኔ ግን አልልም።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ዝም ነው የምለው።» ትንሽ ቆየና ጠጋ አለ። «ግን ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ ከመጋዘን ነው አይደል?»

ሚሊ ዓይኑን ጨፈነ።

ዓይኑን ሲጨፍን ሁልጊዜ የሚመጣበት አንድ ድምፅ ነው። ከላይ የሚመጣ ድምፅ። «ሚሊ፣ መቶ አሥራ ሁለት ተኩል» ይላል። ኮርኒስ ፖንቴው ላይ ሆኖ ክፍተቱን ይለካል፣ ቁጥሩን ይጠራል፤ ሚሊ ታች ሆኖ ቺፑዱን ይቆርጣል፣ በረጅም ክንዱ ወደ ላይ ያቀብላል። ኮርኒስ ቦታው ላይ አስገብቶ በቡጢ አንድ ጊዜ መታ ሲያደርገው ይገጥማል። ተመልሶ የወረደ፣ ትንሽ ላጠው ወይም ጨምርበት የተባለ ቁራጭ አልነበረም። አዳራሽ ብትሉ፣ ባንክ ብትሉ፣ ሆቴል ብትሉ፣ በዚያ ከተማ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ነገር ሁሉ በዚያ ድምፅና በዚያ መጋዝ መካከል የተሠራ ነው። ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሥራቸው ግን የአንድ ሰው ነበር፣ ግማሹ ላይ ግማሹ ታች ያለ።

ክፍያው ላይ ስንመጣ ሌላ ነው። አሠሪው ለኤጀንሲው ይከፍላል፤ ኤጀንሲው ከዚያ ላይ ከአሥር አንድ ይቆርጥና የተረፈውን ለእነሱ ይሰጣል። መሣሪያ ከሠራተኛው ነው። መጋዝህ ቢሰበር የራስህ ጉዳይ፣ መዶሻህ ቢሰረቅ የራስህ ጉዳይ፣ ታመህ ብትቀር ቀኑ የለም። ኮርኒስ በዚህ ሁሉ አንድ ቀን አላማረረም። ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ ራሱን ሾመ።

ቤቱ ሲገባ ፎርማን ነው። ማታ ከሥራ ሲወጡ ቧንቧው ላይ ፀጉሩን ያጥባል፣ ጄሶውን ከቅንድቡ ያራግፋል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል፣ ተረከዙ ወፍራም የሆነውን ጫማ ያደርጋል። «ምን ያደርግልሃል?» ሲለው ሚሊ፣ «እናቴ ትስቃለች» ይለው ነበር። «ፎርማን ነኝ ያልኳት ቀን እንደ ልጅ ሣቀች። ከዚያ ወዲያ እንዴት ልውረድ?»

አንድ ቀን ምሳ ጋብዞት እቤት ይዞት መጣ። እናትየው ገና እንደተቀመጠ፣ «ልጄ ስንት ሰው ነው የሚያዝዘው?» ብለው ጠየቁት። ኮርኒስ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ዓይኑን አፈጠጠበት። በሕይወቱ አንድ ሚሊ ጨምሮ የማያውቀው ሰው፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ «ሠላሳ ሰው» አለ። እናትየው ለሳምንት ያህል በሰፈሩ ሠላሳውን ሰው ሲያሰልፉ ሰነበቱ። ኮርኒስ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፖንቴ ላይ ሆኖ ቁጥር ከመጥራቱ በፊት፣ «ሠላሳችሁም ዝም በሉ» ይል ነበር። ታች ያለው ሚሊ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ የኤጀንሲው ተወካይ መጣ። ሽቶው ቀድሞት ገባ። መቀመጫ ተለቀቀለት፣ ሻይ ተሰጠው፤ ሚሊ ሻዩን በዓይኑ ተከተለው።

«ድርጅታችን ከጎናችሁ ነው» አለ ተወካዩ። «በእንዲህ ያለ ጊዜ ለሠራተኛ የሚደረገውን ሁሉ አድርጓል።»

አበባ ማለቱ ነበር። ለቀብሩ አበባ ልከዋል። ሚስትየው ግን «ሁሉ» የምትለውን ቃል ይዛ ቀስ ብላ ወደ ሚሊ ዞረች። ሚሊ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ።

እናትየው ጥጉ ላይ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ነበር የተቀመጡት። ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። «ፎርማናችሁ ነበር ልጄ» አሉ። «አሁን በእሱ ቦታ ማንን ልትሾሙ ነው?»

«ፎርማን?» አለ ተወካዩ። ብርጭቆው ከንፈሩ ላይ ቆመ። «እናቴ፣ እኛ ጋ እንኳ…»

«የኮርኒሱን ክፍል ማለታቸው ነው» አለ ሚሊ ከአግዳሚው ተነሥቶ። እንዴት እንደተነሣ ራሱም አላወቀም። ሄዶ ተወካዩ አጠገብ ቁጭ አለና ጫማውን በጫማው ረገጠው። «ሠላሳውን ሰው ለጊዜው እኔ ይዣቸዋለሁ። እስክትሾሙ ድረስ።»

ተወካዩ ሽቶ ያበዛ እንጂ ሞኝ አልነበረም። ሚሊን አየ፣ አሮጊቷን አየ። «አዎ» አለ። «ቀላል ቦታ አይደለም። ይታሰብበታል።»

«አስቡበት» አሉ እናትየው። «ዝም ብላችሁ ለማንም እንዳትሰጡት።»

ተወካዩ ወደ ሚሊ ጆሮ ዘንበል አለ። «ሠላሳ ሰው ከየት አመጣህ? እናንተ ሁለት ናችሁ።»

«አሁን አንድ ነኝ» አለው ሚሊ።

ተወካዩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ ሥራ ነውና ሥራውን ቀጠለ። አዳራሹ ግማሽ ኮርኒስ ተሰቅሎ ቆሟል፣ ባለቤቱ በየሰዓቱ ይደውላል፣ የቀረህበት ቀን እንደማይታሰብ ታውቃለህ አለው። አውቃለሁ አለ ሚሊ። ላይ የሚወጣ ሌላ ሰው እፈልግልሃለሁ አለው። ሚሊ ከላይ የሌላ ሰው ድምፅ ቁጥር ሲጠራ ለመስማት ሞከረ፤ አልሰማው አለ።

ተወካዩ ከሄደ በኋላ ቤቱ ተንፈስ አለ። እናትየው ግን ነገሩን አልለቀቁትም፤ አጠገባቸው ላሉት ሴት ያወሩ ጀመር።

«ልጄ እኮ እንደ ሌላው በሜትር አይለካም ነበር። በብርሃን ነው። ቁልፉን ጫን ሲያደርገው ቀይ ብርሃን ይወጣና ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ቁጥሩ ይነበባል። ለእሱ ብቻ ነው የሰጡት።» ወደ ሚሊ ዞሩ። «ያ ብርሃን አሁን የት ደረሰ፣ ልጄ?»

«መጋዘን ገብቷል፣ እማማ።»

«ደህና። እንዳይጠፋ።»

ብርሃኑ ሚሊ ኪስ ውስጥ ነበር። ብርሃን አይደለም፤ የዛገ የብረት ሜትር ነው፣ ጫፉ የሌለው።

ከብዙ ጊዜ በፊት ከፖንቴ ላይ ወድቆ፣ ብሎኬት የጫነ ጋሪ ሄደበትና ልክ አሥር ሳንቲ ሜትር ላይ ተቆረጠ። ስለዚህ ያ ሜትር ሲጀምር ዜሮ ብሎ አይጀምርም፤ አሥር ብሎ ነው የሚጀምረው። በእሱ የለካ ሰው፣ ካነበበው ቁጥር ላይ አሥር መቀነስ አለበት። «ሌላ ግዛ» ቢሉት ኮርኒስ አልሰማም። «ደሞዜንም ከአሥር ነው የሚጀምሩልኝ» ይል ነበር። «አሥሯን ኤጀንሲው በልቷታል፤ የተረፈው ይበቃናል።» እንደዚያ እያለ ያን ሁሉ ዘመን፣ እያንዳንዱን ቁራጭ፣ አንገቱ ተቀልብሶ ጄሶ ዓይኑ ውስጥ እየገባ በልቡ ይቀንሰው ነበር። ሚሊ ጆሮ ላይ የሚደርሰው የጠራው፣ የተጣራው ቁጥር ነው። ሚሊ በዚያ ሜትር አንድም ቀን ለክቶ አያውቅም። መለካት ላይኛው ቤት ነበር፤ መቁረጥ ታችኛው ቤት።

ኮርኒስ በሞተበት ጠዋት ሚሊ ባዶ እጁን ሮጦ መጣ። እንጨት መግዛት አለበት፣ ቀኑ አጭር ነው፣ ሬሳው ተገንዞ አልጋ ላይ ነው። አልጋው ሥር የነበረውን የኮርኒስን ቦርሳ ከፈተ፣ ሜትሩን አወጣ፣ ከተረከዝ እስከ አናት ዘረጋው። ቁጥሩን አነበበ። በልቡ ያዘው፣ ሜትሩንም ኪሱ ከተተ። ሥራ ቦታ ሄዶ በገዛ ራሱ ደህና ሜትር ጣውላውን በዚያ ቁጥር ቆረጠ። ቁጥሩን የሚቀንሰው ሰው ተኝቶ ነበር።

የገባው መቃብሩ አፍ ላይ ነው። አካፋው ሲጮህ እጁን ኪሱ ከተተ፤ የተሰበረው ብረት ጣቱን ነካው። ስንት ሺህ ጊዜ «መቶ አሥራ ሁለት ተኩል» ሲባል ሰምቶ፣ ከኋላው ያለውን ያን ትንሽ ድካም አንድ ጊዜ እንኳ አስቦት እንደማያውቅ ያን ጊዜ አወቀ።

«ሚሊ።»

ቀና አለ። ሚስትየው ፊቱ ቆማለች። ከቀብሩ ወዲህ ስሙን ጠርታው አታውቅም። ቤቱ ጆሮ ሆነ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እውነቱን ንገረኝ። ሣጥኑን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እንዴት ረዘመ?»

«ተሳሳትኩ።»

«አንተ?» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «የጓዳዬን በር ስትሠራ ወረቀት ያስገባል ብለህ ፈትተህ መልሰህ የሰቀልከው አንተ? ባለቤቴ ስላንተ ምን ይለኝ እንደነበር ታውቃለህ? ሚሊ ከሚሳሳት ፀሐይ ብትሳሳት ይቀላታል ነው የሚለኝ። እንኳን መዳፍ ሙሉ።»

«ተሳሳትኩ ነው የምልሽ፣ እህቴ።»

«እንግዲያው እንዴት እንደተሳሳትክ ንገረኝ።»

ሚሊ እጁን ኪሱ ከተተ። ሜትሩ አለ። አውጥቶ መዘርጋት ብቻ ነው፤ ሕፃን እንኳ አይቶ ይረዳዋል። አንድ ቃል ሳይናገር ስሙ ይመለሳል። ሚሊ ደግሞ ከስሙ ሌላ ያለው ነገር የለም፤ ከአገር አገር ቢፈለግ፣ ባለ ብዙ ፎቅ የሚያሠሩ ሰዎች የሚጠብቁት ያን ስም ነው። አጠገባቸው ጥጉ ላይ እናትየው አሁንም ለሴትዮዋ እያወሩ ነው፤ በጣታቸው ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ እያመለከቱ፣ ብርሃኑ እንዴት እንደሚያርፍ ያሳያሉ።

ባዶ እጁን ከኪሱ አወጣ።

«ከእነሱ ነው» አለ። «እንጨት አጣሁ፣ ቀኑም አለቀብኝ። ከመጋዘን ወስጄ ነው።»

እንድትጮህ ጠብቆ ነበር። ብትጮህ ይሻለው ነበር። «እሺ» አለች። «ይህን ለማወቅ ብቻ ነው።» ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩም ከኋላዋ ክር የማያሳልፍ ሆኖ ተዘጋ።

ቫርኒሽ ምንም አላለም፤ ይህም በታሪኩ የመጀመሪያው ነው። አግዳሚው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለ፣ ቀጥሎ ትንሽ ጨመረ፣ ከዚያ የሚያውቀው ሰው ውጭ ያየ ይመስል ተነሥቶ ሄደ።

ሚሊ ግን በነጋታው መጣ። ከዚያም በሚቀጥለው ቀን መጣ። አጠገቡ የሚቀመጥ አልነበረም፤ ሰው ሲሞላ እንኳ አግዳሚው ላይ ለሁለት ሰው የሚበቃ ክፍት ቦታ ከጎኑ ይቀራል። ወሬው ከተማውን ሦስቴ ዞሮ ደክሞት እዚያው ተኛ። እሱም ይቀመጣል፣ ወለሉን ያያል፣ ሲመሻሽ ይሄዳል።

ለቀስተኛው ባለቀበት ቀን፣ ፀሐይ ገና ሳትገባ፣ ቤቱ ውስጥ የቀሩት አግዳሚዎቹና እሱ ነበሩ። እናትየው ውስጥ ተኝተዋል። የተዋሱት ዕቃ መመለስ አለበት፤ ሚሊ ማንም ሳይጠይቀው አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ በሩ አጠገብ ይደረድር ጀመር። ሚስትየው መጥረጊያ ይዛ ወጣችና አየችው።

«ተወው። ባለቤቶቹ ይወስዱታል።»

«ቀላል ነው።»

ቀላል አልነበረም፤ ከባድ እንጨት ነው። እሷ ግን ያየችው ሌላ ነው። አግዳሚውን በመዳፉ አልያዘውም፤ እንደ ሕፃን ክንዱ ላይ አስተኝቶ ነው የተሸከመው።

«እጅህን ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም።»

«አምጣው እስቲ።»

«ምንም አልሆንኩም አልኩሽ።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መጣችና እጁን ያዘች። መዳፉ ከአውራ ጣቱ ሥር አብጦ ቀልቷል። ከቆዳው በታች ጥቁር፣ ቀጭን፣ የመርፌ ያህል የሚረዝም ነገር ተጋድሟል። ስንጥር ነው። ያልተላገ ጣውላ ስንጥር። ይህን ያህል ዘመን የሠራ አናጢ እጁ እንደ ጫማ ሶል ነው፤ ስንጥር ቀርቶ ሚስማር አስፈቅዶ ነው የሚገባበት። እንዲህ የሚወጋው እንጨቱን ሳያየው ሲዳስሰው ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ ሚሊ፣ በሩን ዘግቶ፣ ፊቱ ያለውን እንጨት ማየት አቅቶት ነበር።

እጁን ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ብዙ ቆየች።

«የተገዛ ሣጥን እጅ አይወጋም» አለች።

ሚሊ እጁን ሊሰበስብ ሞከረ፤ አልለቀቀችውም።

«አንተ ነህ የሠራኸው።»

«ረዝሟል» አለ፣ ወለሉን እያየ። «በጣም ረዝሟል።»

«ለምን?» አላለችውም። ወደ ውስጥ፣ አሮጊቷ ወደ ተኙበት በኩል አየት አደረገች፤ ከዚያ ሄዳ መርፌ ይዛ ተመለሰች። አንዱን አግዳሚ ከተደረደረበት መልሳ አወረደችው፣ አስቀመጠችው፣ አጠገቡ ተቀመጠች። እጁን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«ፎርማን ነኝ ይለኛል» አለች፣ የመርፌውን ጫፍ ከቆዳው ሥር እያስገባች። «ማታ ማታ ደግሞ እጁን ያመጣልኛል። ፎርማንን ምን ወጋው ብዬ ጠይቄው አላውቅም።»

ሚሊ ጥርሱን ነከሰ። ያመመው መርፌው አልነበረም።

ስንጥሩ በቀስታ ብቅ አለ፤ በጥፍሯ ያዘችና ሳበችው። ረጅም ነበር። በቀሚሷ ጫፍ ደሙን ጠረገችለት።

«ወጣ» አላት።

«ቆይ።»

ጎንበስ አለች፤ መርፌውን ሳትወጋ መዳፉ ላይ ከመስመር ወደ መስመር እያንሸራተተች ሌላ ትፈልግ ጀመር። ሌላ አልነበረም። እሱም እጁን አልሰበሰበም።